የሲያትል መልካ፤ የኮልማን መርከብ ማረፊያና የባሕር ዳርቻው መታደስ ታሪክ

መልካ በቋንቋችን ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ ነው። መንገደኛ ወደ መልካ የሚወርደው ማዶ ለመድረስ ነው፤ ነገር ግን ውሃው እስኪጐድል ወይም ታንኳው እስኪመለስ ድረስ መቆየት ግድ ስለሚሆንበት፣ በመልካ አጠገብ ሰው ይሰበሰባል፣ ይገበያያል፣ ወሬ ይለዋወጣል። ስለዚህ መልካ መሻገሪያም መሰብሰቢያም ነው። የአንድን መልካ ታሪክ የሚመረምር ሰው ስለ ውሃውና ስለ ድልድዩ ብቻ ሳይሆን፣ በየዘመኑ በዚያ ዳርቻ ላይ ለመቆም የተፈቀደለትና የተከለከለው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሰሜን ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በዋሽንግተን ግዛት የምትገኘውን የሲያትልን ከተማ የመርከብ ማረፊያ በዚሁ ዓይነት ለመመልከት የታሰበ ነው። ማረፊያው ኮልማን ዶክ ይባላል። ሰውንና መኪናን ወደ ቤይንብሪጅ ደሴትና ወደ ብሬመርተን ከተማ የሚያሻግሩት ትላልቅ መርከቦች፣ ፌሪ የሚባሉት፣ የሚነሡት ከዚህ ነው። ቤይንብሪጅ ለመድረስ 35 ደቂቃ፣ ብሬመርተን ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ2017 እና በ2023 መካከል ያረጀው ማረፊያ ፈርሶ በአዲስ ተተክቷል፤ በዙሪያውም ያለው የባሕር ዳርቻ ለሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ተለውጧል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሲያትል ስለ ሰፈሩ፣ ከተማዋ ለአንባቢዎቻችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩. ትንሿ መሻገሪያ

ሲያትል የተሠራችው የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ ሕዝቦች በሚኖሩበት ምድር ላይ ነው። የእነዚህ ሕዝቦች ቋንቋ ሉሹትሲድ ይባላል። ዛሬ ፓዮኒር ስኴር በሚባለው ሰፈር አካባቢ፣ ከአሁኑ የመርከብ ማረፊያ ጥቂት እልፍ ብሎ፣ የብርዱንና የዝናቡን ወራት የሚያሳልፉበት መንደር ነበራቸው። ቤቶቻቸው ከዝግባ ሳንቃ የተሠሩና ብዙ ቤተ ሰብ በአንድነት የሚያድርባቸው ረጃጅም አዳራሾች ነበሩ። ምግባቸው በተለይ ሳልሞን የተባለው ዓሣና ባሕሩ ሲሸሽ ከጭቃው የሚለቀም ዛጎል ለበስ እንስሳ ነበር። የሚጓዙትም ከአንድ ወጥ የዝግባ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ስለ ነበረ፣ ባሕሩ ለእነርሱ ከየብስ ይልቅ የቀና መንገድ ነበር። የመንደሩ ስም ድዚድዚላሊች ነው፤ ትርጓሜውም ትንሿ መሻገሪያ ማለት ነው። እንግዲህ ቦታው ከተማ ከመባሉ አስቀድሞ ራሱ መልካ ይባል ነበር።

ነጮቹ ሰፋሪዎች በኅዳር ወር 1851 በማዶው አልካይ በተባለው የባሕር ዳር ወረዱ፤ በተከታዩም ዓመት ወደ ምሥራቁ የኤልዮት ወሽመጥ ዳርቻ ተሻገሩ። ከተማቸውንም፣ አባቱ ከሱኳሚሽ እናቱ ከዱዋሚሽ በሆነው በታላቁ ባላባት በሲያትል ስም ጠሩት። በ1853 ሄንሪ የስለር የተባለ ሰው በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ አቆመ፤ ከአገሩ ተወላጆችም ብዙዎች በዚያ በደመወዝ ሠሩ። ከመሰንጠቂያው የሚወጣው ሰጋቱራና ፍርፋሪ በመንደሩ አጠገብ የነበረውን ረግረግ ይሞላ ጀመር። የዳርቻው ቅርጽ በሰው እጅ የመለወጡ ሥራ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በጥር ወር 1855 በፖይንት ኤልዮት በተደረገው ውል የአገሩ ተወላጆች ሰፊውን ምድራቸውን ለአሜሪካ መንግሥት ለቀቁ፤ ነገር ግን በቀድሞ የዓሣ ማጥመጃ ቦታቸው ሁሉ ከሌሎች ዜጎች ጋራ በአንድነት የማጥመድን መብት አስቀሩ። ይህ አንቀጽ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከኮልማን ማረፊያ ጋራ የተገናኘ ስለ ሆነ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ውሉ በተፈረመ በ10 ዓመቱ፣ በ1865፣ አዲሱ የከተማ አስተዳደር ካወጣቸው ደንቦች አንዱ የአገሩ ተወላጆች በከተማው ክልል ውስጥ እንዳይኖሩ የሚከለክል ሆነ። ሊቀሩ የሚችሉት በነጭ አሠሪ ዘንድ ተቀጥረው በአሠሪው ቤት የሚጠለሉት ብቻ ነበሩ። ከተማው የባላባቱን ስም ተሸክሞ ሳለ ሕዝቡን ከለከለ ማለት ነው። ባላባቱ ሲያትል በተከታዩ ዓመት፣ በ1866፣ በማዶው በሱኳሚሽ መንደር ሞቶ በዚያው ተቀበረ።

ይሁን እንጂ ደንቡ ሰዎቹን ፈጽሞ ሊያርቃቸው አልቻለም። ጭነት ፍለጋ ባዶአቸውን የሚመጡ የሸራ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ድንጋይ ጭነው ይመጡ ነበር፤ እንጨት ለመጫን ሲደርሱም ድንጋዩን በዳርቻው ያራግፉት ነበር። በ1880ዎቹ ይህ ክምር ከፍ ብሎ ትንሽ ደሴት ስለ ሆነ፣ ባላስት አይላንድ፣ ማለት የማመዛዘኛ ድንጋይ ደሴት ተባለ። ከሩቅም ከቅርብም በታንኳ የሚመጡ የአገሩ ተወላጆች ድንኳናቸውን በዚህ ድንጋይ ላይ ይተክሉ ጀመር። ብዙዎቹ በመከር ጊዜ ሆፕ የተባለውን፣ ቢራ የሚጠመቅበትን ጌሾ መሰል ተክል ለመልቀም የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሴቶቹም የሠሩትን ቅርጫትና የለቀሙትን ዛጎል ለበስ ለከተማው ሰው ይሸጡ ነበር። በከተማው መሬት ላይ ማደር የተከለከለ ሕዝብ፣ ከሩቅ አገር በመጣ ድንጋይ ላይ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ አደረ። በ1890ዎቹ ግን ያ ቦታ ለመርከብ ማረፊያና ለባቡር መንገድ ስለ ተፈለገ በአፈርና በሳንቃ ተሸፈነ፤ ሰፋሪዎቹም ተነሡ። ኪኪሶብሉ፣ በነጮቹ አጠራር ልዕልት አንጀሊን የተባለችው የባላባቱ የሲያትል ልጅ ግን ትእዛዙን ሳትቀበል፣ በባሕሩ አጠገብ በነበረች ትንሽ ጎጆ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1896 ድረስ ተቀመጠች።

፪. የኮልማን ማረፊያ

በስኮትላንድ የተወለደው መሐንዲስ ጄምስ ኮልማን ማረፊያውን በስሙ ያሠራው በ1882 ነው። ሥራው በባሕሩ ወለል በተተከሉ ግንዶች ላይ የተረበረበ ሳንቃ ነበር። በሰኔ 6 ቀን 1889 በከተማው ላይ የተነሣው ታላቅ እሳት የንግዱን ማዕከልና አብዛኛዎቹን የመርከብ ማረፊያዎች ሲያቃጥል የኮልማንም አብሮ ጠፋ፤ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር እንደ ገና ተሠራ። በሐምሌ 1897 ፖርትላንድ የተባለችው መርከብ የክሎንዳይክን ወርቅ ጭና ስትደርስ፣ ሲያትል ወደ አላስካ ለሚሄዱ ወርቅ ፈላጊዎች ሁሉ መነሻ ሆነች፤ ዳርቻውም ሰውና ዕቃ የማይጠፋበት ሥፍራ ሆነ።

በዚያ ዘመን ከተሞቹንና ደሴቶቹን የሚያገናኙት ትናንሽ የእንፋሎት መርከቦች ነበሩ። ከብዛታቸው የተነሣ ሕዝቡ የትንኝ መርከቦች ይላቸው ነበር። ገበሬው እንቍላሉንና ፍራፍሬውን፣ ተማሪው መጽሐፉን፣ ሴቲቱ ዕቃዋን ይዘው የሚሳፈሩባቸው ስለ ነበሩ፣ ለዚያ አገር ሰው የዕለት መንገድ ነበሩ። በ1908 ማረፊያው ወደ ባሕሩ ገፍቶ ተራዘመ፤ ጉልላት ያለው የመጠበቂያ አዳራሽና 72 ጫማ ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ ተሠራለት። እንዲህ ያለ አዳራሽ መሠራቱ መሻገሪያን የሚጠብቅ ተራ መንገደኛ መቀመጫ፣ ጣራና ሰዓት ይገባዋል ተብሎ መታሰቡን ያሳያል።

ሆኖም ማማው ብዙ አልቆመም። በሚያዝያ 1912 አላሜዳ የተባለችው ትልቅ መርከብ ወደ ኋላ እንድትመለስ ሲታዘዝ ወደ ፊት ገስግሳ ማረፊያውን ሰንጥቃ ገባች፤ ማማውም ወደ ባሕር ወደቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት፣ መንገደኞች ወደ መርከብ የሚገቡበት መረማመጃ ተሰብሮ ብዙ ሰዎች ባሕር ውስጥ ወደቁ። በ1914 ደግሞ በጎኑ ያለው ሌላ ማረፊያ ሲቃጠል ኮልማንም ተጐዳ። እንጨትና ባሕር፣ እሳትና ችኰላ በተገናኙበት ቦታ ማረፊያን ማደስ ዘወትር የማያቋርጥ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

፫. ባቡር፣ ግንብና መኪና

ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በከተማውና በባሕሩ መካከል የባቡር ጐዳና የተባለ፣ በግንዶች ላይ የቆመ ሰፊ የሳንቃ መንገድ ተዘርግቶ ነበር። ብዙ የሐዲድ መስመሮች ጐን ለጐን ስለ ተነጠፉበት፣ ከከተማው ወደ መርከብ የሚሄድ እግረኛ በባቡሮች መካከል እየተሹለከለከ ያልፍ ነበር። ሳንቃው ከላይ ይበሰብሳል፤ ከታች ደግሞ ግሪብል የተባለች እጅግ ትንሽ የባሕር ተባይ ግንዶቹን ትበላቸዋለች። በዚህ ምክንያት ከ1934 እስከ 1936 በማዕከላዊው መንግሥት እርዳታ የባሕር ግንብ ተሠራ፤ ከኋላውም አፈር ተሞላ፤ መንገዱም በ1936 የአላስካ ጐዳና ተባለ። ግንቡ በውስጡ ብዙ እንጨት ስለ ነበረበት ተባይዋ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ውጤቱም ከ60 ዓመት በኋላ ታየ።

ያ ጊዜ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ስለ ነበረ፣ ዳርቻው ሥራ ያጡ ሰዎች መጠጊያም ነበር። በ1934 በምዕራብ ጠረፍ ወደቦች ሁሉ ያሉ ጫኞችና አውራጆች ለ83 ቀን የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ከማረፊያው በስተ ደቡብ፣ በተዘጋ የመርከብ መሥሪያ ቦታ ላይ፣ ሥራ አጦች ከቆርቆሮና ከጣውላ ፍራሽ የሠሩት ሁቨርቪል የተባለ መንደር ከ1931 እስከ 1941 ቆየ። የራሱ ሽማግሌና የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጦርነቱ ቀርቦ ቦታው ለሥራ ሲፈለግ ግን ከተማው ጎጆዎቹን አቃጠላቸው። በባላስት አይላንድ ያየነው ነገር በሌላ ሕዝብ ላይ ተደገመ።

በዚሁ ዘመን የመሻገሪያው ጠባይ ፈጽሞ ተለወጠ። መኪና ስለ በዛ፣ ሰውን ብቻ የሚይዙት የትንኝ መርከቦች በመኪና ጫኝ መርከቦች ተተኩ። በ1935 ሥራ የጀመረችው፣ ብርማ ብረት የለበሰችው ካላካላ የዚያ ዘመን መታወቂያ ሆነች፤ ኮልማንም በአዲሱ የአሠራር ስልት ታደሰ። ከጦርነቱ በኋላ መርከቦቹን ይዞ የነበረው ኩባንያ የክፍያ ጭማሪ ጠይቆ መንግሥት ስለ ከለከለው በ1948 መርከቦቹን አቆመ፤ የደሴቶቹም ሰዎች መውጫ አጡ። በዚህ የተነሣ የዋሽንግተን መንግሥት በ1951 የማሻገሩን ሥራ ራሱ ተረከበ። ታስቦ የነበረው ድልድዮች እስኪሠሩ ድረስ ለጊዜው ነበር፤ ድልድዮቹ ግን ስላልተሠሩ ጊዜያዊው ቋሚ ሆነ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ማረፊያው እንደ ገና ሲሠራ፣ ዋናው አሳብ ብዙ መኪና አሰልፎ ማስገባትና ማስወጣት ነበር። የመጠበቂያው አዳራሽ ከመኪና ማቆሚያው ቀጥሎ ሁለተኛ ስፍራ ያዘ።

፬. የመጋቢት 30 ቀን 1942 መሻገር

በዚህ መልካ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ቀን መጋቢት 30 ቀን 1942 ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1942 ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 9066 መሠረት፣ በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ ጃፓናዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው እንዲነሡ ተወሰነ። በትእዛዙ መሠረት ከሁሉ አስቀድመው በጅምላ የተነሡት የቤይንብሪጅ ደሴት ኗሪዎች ነበሩ። ከእነርሱም የሚበዙት በአሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ እንጆሪ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ።

በዚያ ቀን 227 ሰዎች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ በእጃቸው ሊይዙት የሚችሉትን ብቻ ይዘው፣ በወታደሮች ታጅበው በኢግልዴል ማረፊያ ኬሎከን በተባለችው መርከብ ተሳፈሩ። የወረዱት በኮልማን ማረፊያ ነው። ባቡር በዳርቻው ይጠብቃቸው ነበር፤ ከዚያም በካሊፎርኒያ ምድረ በዳ ወዳለው ወደ ማንዛናር ሰፈር ተወሰዱ። የከተማው ሰው በጐዳናው ላይ ባለው የእግረኛ መተላለፊያ ላይ ተጨናንቆ ሲመለከታቸው በፎቶግራፍ ተይዟል። ሰዎቹ በየሳምንቱ ለገበያ የሚመላለሱበት መንገድ በዚያ ቀን መመለሻ የሌለው ሆነባቸው።

በደሴቲቱ በኩል፣ በተነሡበት በኢግልዴል፣ ስሞቻቸው የተጻፉበት የዝግባ እንጨት ግንብ ተሠርቶ በ2011 ተመርቋል። ርዝመቱ 276 ጫማ ሲሆን፣ ቁጥሩ በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ኗሪዎች የነበሩትን ጃፓናዊ ትውልድ ያላቸውን 276 ሰዎች ያመለክታል። መታሰቢያው የሚጠራበትም የጃፓን ቃል፣ ይህ ነገር ዳግመኛ አይሁን ማለት ነው። የአንድ መልካ ሁለቱ ዳርቻዎች ታሪክን በእኩል እንደማያስታውሱ ከዚህ እንማራለን፤ የመታሰቢያው ሥራ የጀመረው ጐረቤቶቻቸውን ካጡት ወገን ነውና።

፭. በምሰሶ ላይ የቆመው ጐዳና

በሚያዝያ 4 ቀን 1953 በዳርቻው ርዝመት በሙሉ በሲሚንቶ ምሰሶ የቆመ ባለ ሁለት ደርብ የመኪና ጐዳና ተከፈተ። ሥራው በዘመኑ የሥልጣኔ ምልክት ተባለ። ሊዘጋ በተቃረበበት ጊዜ በየቀኑ 90 ሺህ ያህል መኪና ያልፍበት ነበር። ነገር ግን ከተማውን ከባሕሩ ለየው። ከሥሩ ጨለማና ጩኸት ነበረ፤ የመኪና ማቆሚያና ቤት የሌላቸው ሰዎች መጠለያም ሆነ። ወደ ኮልማን የሚወርድ እግረኛ በዚህ ጥላ ሥር ማለፍ ነበረበት። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በአሮጌ መኪናም ሆነ በአውቶቡስ በላዩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የወሽመጡንና የተራሮቹን ሰፊ ገጽ ያለ ክፍያ ያይ ነበር። ጐዳናውን ከነቀፉት መካከልም ይህን መልካም ጐኑን የመሰከሩ አልጠፉም።

በየካቲት 28 ቀን 2001 መጠኑ 6.8 የደረሰ የምድር መናወጥ አካባቢውን መታ። ጐዳናው ባይወድቅም ተጐዳ፤ መሐንዲሶችም ሲመረምሩት በሌላ መናወጥ ሊወድቅ እንደሚችል፣ የባሕሩ ግንብም በተባይዋ ተበልቶ እንደ ደከመ፣ የኮልማንም አሮጌ ግንዶች እንደማያስተማምኑ ተገነዘቡ። ሦስቱ ሥራዎች እርስ በርስ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱን ያለ ሌላው ማደስ አስቸጋሪ ነበር። ጐዳናው እንዲጠገን፣ እንደ ገና እንዲሠራ ወይም እንዲቀር የተደረገው ክርክር 8 ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ፣ በ2009 ከከተማው ሥር በዋሻ እንዲያልፍ ተወሰነ።

፮. አዲሱ ዳርቻ

የዋሻው ቁፋሮ በ2013 ተጀመረ። ወርዱ 17 ሜትር ተኩል የሚሆነው ቈፋሪ መኪና፣ ሕዝቡ በርታ ብሎ የጠራው፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተሰናክሎ ሁለት ዓመት ያህል ቆመ፤ ወደ ማዶው የወጣውም በሚያዝያ 2017 ነው። ዋሻው በየካቲት 2019 ለመኪና ተከፈተ፤ በዚያው ዓመትም አሮጌው ጐዳና ፈረሰ። ባሕሩ ከ66 ዓመት በኋላ ከከተማው ጐዳናዎች በግልጥ ታየ።

ለባሕሩ ግንብ የከተማው ሕዝብ በ2012 በሰጠው ድምፅ 290 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ ሥራውም በ2017 ተጠናቀቀ። በዚህ ሥራ ውስጥ ለማኅበራችን ተመራማሪዎች ልዩ ትኵረት የሚገባው ነገር አለ። ከወንዝ ወደ ባሕር የሚወርዱ የሳልሞን ጫጩቶች ጥልቅ ውሃንና ጨለማን ስለሚሸሹ፣ በአሮጌዎቹ ማረፊያዎች ሥር ማለፍ ይቸግራቸው ነበር። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ብርሃን ወደ ባሕሩ የሚያወርዱ የመስታወት ንጣፎች ተገጠሙለት፤ ግንቡም የባሕር አረምና ትናንሽ ነፍሳት እንዲይዙበት ሸካራ ተደረገ፤ ከሥሩም ውሃው ጥልቀት እንዳይኖረው እርከን ተሠራ። በሰው መንገድ ሥር የዓሣ መንገድ ተሠራ ማለት ነው።

ይህ ለዓሣ ከመራራት ብቻ የመጣ አይደለም። የ1855ቱን ውል እናስታውስ። በየካቲት 1974 ዳኛ ቦልት በሰጡት ታዋቂ ፍርድ፣ በውሉ የተጠቀሱት ሕዝቦች ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እኩሌታው እንዲደርሳቸው ተወስኗል። በኤልዮት ወሽመጥ የማጥመድ መብት ያላቸው የሱኳሚሽና የማክልሹት ሕዝቦች ከዚያ ወዲህ በባሕሩ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ሁሉ ሊጠየቁ የሚገባቸው ወገኖች ሆኑ። አንድ መቶ ዓመት በላይ እንደ ሞተ ቃል ሲታይ የነበረ አንቀጽ፣ በመሐንዲሱ ንድፍ ላይ ሥልጣን አገኘ።

ኮልማን ማረፊያ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ መርከቦቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ በከፊል በከፊል ታደሰ። በክሪዮሶት የተቀቡትና ባሕሩን የሚመርዙት አሮጌ ግንዶች ተነቅለው ብረትና ሲሚንቶ ተተከለ። አዲሱ አዳራሽ በ2022 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ሥራው ሁሉ በ2023 አለቀ። በማሪዮን ጐዳና ላይ ያለው፣ ከከተማው ኮረብታ በቀጥታ ወደ መርከብ የሚያደርሰው የእግረኛ ድልድይም ሰፍቶ እንደ ገና ተሠራ። በሰሜን በኩል በ2020 ፒየር 62፣ በ2024 ከታዋቂው የፓይክ ገበያ ወደ ባሕሩ የሚያወርደው ሰፊ የደረጃ መንገድ፣ በ2025 የልጆች መጫወቻ ያለበት ፒየር 58 ተከፈቱ። መናፈሻው በጠቅላላው 20 ኤከር ያህል ነው።

፯. ትዝብት

ከዚህ በላይ ከተተረከው ሦስት ነገሮችን ለይተን ልንመለከት እንችላለን።

መጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። በ2023 የከተማው ምክር ቤት ለዳርቻው ጐዳና ድዚድዚላሊች የሚለውን ጥንታዊ ስም በክብር ስምነት ሰጠው። በ1865 ሰዎቹን የከለከለ ከተማ ከ158 ዓመት በኋላ የመንደራቸውን ስም በጐዳናው ምልክት ላይ ጻፈ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመንደሩ ባለቤቶች የዱዋሚሽ ሕዝብ በማዕከላዊው መንግሥት ዘንድ እንደ ሕዝብ እንዲታወቁ ያቀረቡት ጥያቄ በ2001 እና በ2015 ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ የውሉን መብት በስማቸው ሊጠይቁ አልቻሉም። ስምን መመለስና መብትን መመለስ እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ሁለተኛው የገንዘብና የጥቅም ጉዳይ ነው። ለመናፈሻው ወጪ በአካባቢው ያሉ የሕንፃና የመሬት ባለቤቶች በ2019 በተወሰነ ልዩ መዋጮ 160 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተደረገ፤ ምክንያቱም መናፈሻው ሲሠራ የንብረታቸው ዋጋ ከፍ እንደሚል ተገምቶ ነበር። ከባለቤቶቹ ግምቱን የተቃወሙና ወደ ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ። ግምቱ የማን ነው የሚለውን ክርክር ትተን ብናየው፣ ቀድሞ በአውቶቡስ ለሚያልፍ ሁሉ ነጻ የነበረው ገጽ ዛሬ በመስኮት ዋጋ የሚለካ ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ በመናፈሻው ላይ መቀመጥ ለማንም ያልተከለከለ ነው። የአዲሱ ዳርቻ ፍትሐዊነት የሚመዘነው ሁለቱ በሚደርሱበት ሚዛን ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ አስተያየት ዋናው፣ የመሻገር ጉዳይ ነው። ማረፊያው በአዲስ መልክ በተሠራበት በዚያው ጊዜ፣ ከ2021 ጀምሮ የመርከበኞች እጥረትና የመርከቦች እርጅና በሥራው ላይ ችግር አመጣ። በብሬመርተን መስመር ሁለት የነበሩት መርከቦች ወደ አንድ ወረዱ፤ ሁለተኛይቱ የተመለሰችውም በ2025 ነው። በእነዚያ ዓመታት የብሬመርተን ሠራተኛ ባማረ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መርከብ ይጠብቅ ነበር። ጐብኚው ዳርቻውን በቀን አንድ ጊዜ አይቶ ይሄዳል፤ ተሻጋሪው ግን ጠዋትና ማታ የሚመላለስበት መንገዱ ነው። መናፈሻውን የሚያስጌጥ ገንዘብና መርከቡን የሚያንቀሳቅስ ገንዘብ ከተለያየ ሣጥን ይወጣሉ፤ የፊተኛው በምረቃ ቀን ይታያል፣ የኋለኛው ግን የሚታወቀው ሲጐድል ነው።

የሲያትል ዳርቻ በ170 ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ከ1865 ደንብ ጀምሮ እስከ 1942 ድረስ እየሆነ ያየነው፣ በዚያ የነበረው ደካማ ወገን ሲነሣ ነው፤ የድንጋዩ ደሴት ሰፋሪዎች፣ የሁቨርቪል ሥራ አጦች፣ የቤይንብሪጅ ገበሬዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የቅርብ ጊዜው እድሳት ከቀደሙት የሚለየው፣ ቢያንስ አንዱ ወገን በጽሑፍ የተያዘ መብት ስለ ነበረው ሳይጠየቅ ሊታለፍ አለመቻሉ ነው። የሳልሞን ጫጩት መንገድ ያገኘችው ከዲዛይኑ ውበት ብቻ ሳይሆን፣ አባቶች በ1855 አስጽፈው ካስቀሩት ከአንድ አንቀጽ የተነሣ ነው።

በእኛም አገር የሐይቅና የወንዝ ዳርቻዎች ለመናፈሻና ለጐብኚ የሚዘጋጁበት ዘመን ስለ ሆነ፣ በጣና ዳር ደንገል እያጨደ ታንኳ የሚሠራውን፣ ዓሣ የሚያጠምደውንና በታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ገበያ የሚሻገረውን ሰው ልማድና መብት ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ መርምሮ መመዝገብ ለተማሪዎቻችን የሚገባ ተግባር ነው። በሲያትል እንደ ታየው፣ በጽሑፍ የተያዘ ልማድ ከብዙ ዘመን በኋላም ቢሆን ሊጠየቅ ይችላል፤ ያልተጻፈው ግን ከአሮጌው ግንድ ጋራ አብሮ ይነቀላል።